መርዶ በስልክ አይነገርም

ወንድሜ ሰባት ከተማ የዞረበት ኮንሰርት የተጀመረው ስቶክሆልም አይደለም። አዘጋጁ እንደዚያ ይላል፤ ሬዲዮኖቹም እሱን ተከትለው እንደዚያው አወሩ። እኔ ግን ዲላ፣ እናታችን ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ሲጀመር በዓይኔ አይቻለሁ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ነበር። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሜ፣ ያ አዲስ አበባ ላይ ሰው የሚጋፋለት ዘፋኝ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ስልኩን አፏ ሥር ደቅኖባታል። በትውልድ አገሯ በቡሌ፣ ልጅ ሳለች፣ ሴቶቹ ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ የሚያዜሙትን እንድታዜምለት ነው የሚለምናት። እሷ ደግሞ እጄ ሥራ ካልያዘ ዜማው አይመጣልኝም ብላ አስቸገረችው። በመጨረሻ የቀርከሃ መፋቂያና አንድ ጣውላ ፈልጌ ሰጠኋትና ጣውላውን እየፋቀች አዜመችለት። የአልበሙ አራተኛ ዘፈን ሲጀምር ከድምፅዋ ሥር የሚሰማውን ያን ሸካራ ነገር ባለሙያዎች በማሽን የሠሩት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የድሮ አልጋችን ርብራብ ነው።

እኛ ሁለት ነን። አባታችን ከጎንደር በኩል በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ ዲላ የቀረ ሰው ነበር፤ እናታችን የቡሌ ጌዴኦ ናት። እሱ ከሞተ ቆይቷል። ለእኔ ሙያውን፣ አንድ አሮጌ አትላስና ቁጣውን ትቶልኛል፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ወንድሜ ድምፁን የወሰደው ከእናቱ ነው። ማናችን የተሻለ እንደወረስን ዲላ ሁሉ ያውቃል። በስምንት ዓመት ስለምበልጠው አዝዬ ነው ያሳደግሁት፣ እስከ ዛሬም እትዬ ነው የሚለኝ። ቤታችን ውስጥ የሚወሰነውን ሁሉ የምወስነው እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ለመኩራት አይደለም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

በሁዳዴ አጋማሽ ላይ ወንድሜ ከስቱዲዮ ደወለ። ዜማው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የባጃጅ ድምፅ ገብቶበታል፣ እማ አንድ ጊዜ ብትደግምልኝ አለ። ስልኬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። መቅጃውን ከነካሁት በኋላ ነው እናቴ በጾም አላዜምም ያለችው። ሞገትኳት። እኔን ዝም ብላኝ፣ ስልኩ ክፍት እንደሆነ ስላየች፣ በዜማው ፈንታ አወራችለት።

«አንተ ልጅ፣ በልተሃል? እኔ ደህና ነኝ። እህትህም ደህና ናት፣ እንደ ልማዷ ትቆጣለች። ጉሮሮህን በቀዝቃዛ ውሃ አታበላሸው። በል ሥራህን ሥራ፣ እኔን አታስብ።»

ይኸው ነው። ዜማ ስላልነበረበት አልላክሁለትም። ስልኬ ውስጥ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ለፋሲካ የሚሆን ዶሮ ገዝታ ነበር። በዓል ሲቀርብ ይወደዳል ብላ ሁልጊዜ ቀድማ ነው የምትገዛው። ጓሮ ያለው የአቮካዶ ግንድ ላይ በገመድ ታስሮ ከንጋት እስከ ማታ ይጮህ ነበር። ጩኸቱ ጤነኛ አልነበረም። ከፍ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ተሰብሮ እንደ ሳል ይሆናል። ወንድሜ አልበሙን አስወጥቶ ለበዓል ሲመጣ ገና ከበር ሰማውና፣ «ይሄ ዶሮ ቅኝት አያውቅም» ብሎ አሳቀን። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ዶሮው በጮኸ ቁጥር እየወጣ ትክክለኛውን ያሳየው ነበር። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቅዳሜ ማታ እሱ ራሱ አረደው። አባታችን ካለፈ ወዲህ በበዓል ቢላ የሚይዝልን እሱ ብቻ ነው።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተሸኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባቴ አትላስ ከመደርደሪያው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ዋለ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የሰባቱን ከተሞች ስም ግን በቅደም ተከተል እንደ ውዳሴ ማርያም ትወጣው ነበር። ስቶክሆልም፣ ኦስሎ፣ ፍራንክፈርት፣ ለንደን፣ ቶሮንቶ፣ ዴንቨር፣ ዋሽንግተን። አንድ ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ አገኘችና እሱ ያለበት ከተማ ላይ ታስቀምጠዋለች። የሚቀጥለው ከተማ ደርሻለሁ ብሎ ሲደውል ተነሥታ ቁልፉን ትገፋዋለች። ልጄ ጠረጴዛውን ስትወለውል ብትነካው ተቆጣቻት፤ በሕይወቷ ስትቆጣ ያየኋት ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ከለንደን ወደ ቶሮንቶ ያለውን ሰማያዊ ስታይ ይህ ሁሉ ውሃ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነው አልኳት። በማግስቱም ጠየቀችኝ።

ቁልፉ ለንደን ሳይደርስ ሳል ጀመራት። ዝናብ መትቶኝ ነው አለች። የበልግ ዝናብ ነው፣ ዲላ ላይ ማንን አይመታም፤ እኔም አልደነገጥኩም። በአራተኛው ቀን ከአልጋዋ እስከ በሩ መድረስ አቃታት። በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የሳንባ ምች ነው ተባልን፣ ተኛች፣ ኦክስጅን ተሰካላት። የመጀመሪያው ቀን እሷው ራሷ እንዳትነግሪው አለችኝ። መንገድ ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ሲደውል ቤተ ክርስቲያን ናት አልኩት። ሁለተኛው ቀንም ቤተ ክርስቲያን ናት አልኩት። እማ መነኮሰች እንዴ ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ትንሽ ቀና አለች። ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩላት። «ሻሼን አስተካክይልኝ» አለችኝ። ጠያቂ ሊመጣ ነው መሰለኝ። ፈትቼ፣ ፀጉሯን በእጄ ወደ ኋላ ሰብስቤ፣ እንደምትወደው ከጆሮዋ በላይ አጥብቄ አሰርኩላት።

«በይ አሁን ከልጄ ጋር አገናኚኝ» አለች። «ፊቱን ልየው፣ እሱም ይየኝ።»

አየኋት። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሆና ቢያያት ያን ማታ መድረክ ላይ አይወጣም። ለንደን ነበር፤ አዳራሹ ሞልቷል ተብሏል።

«እማ፣ ነገ» አልኳት። «ይሄ ነገር ከአፍንጫሽ ሲነሣልሽ እደውልልሻለሁ። አንቺው አይደለሽ አትንገሪው ያልሽኝ?»

ትንሽ አየችኝ። ተከራካሪዋ እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። «እሺ፣ ነገ» አለች።

እሑድ ሊነጋ ሲል ሞተች። ሻሿ እንዳሰርኩላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ስላለው አንድ ሰዓት ምንም አልጽፍም፣ ስለማላስታውሰው። የማስታውሰው ቤታችን በሰው ሲሞላና የዕድራችን ሊቀመንበር፣ አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ፣ እጄን ይዘው ጓዳ ሲያስገቡኝ ነው። ልጁ ያውቃል ወይ አሉኝ። አያውቅም አልኳቸው። እንግዲያው እስኪመለስ አይወቅ አሉ። «መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ። ሰው አገር ሆቴል ውስጥ ብቻውን ወድቆ ማን ያነሣዋል?» ጎረቤቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ መልስ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከቡሌ በጭቃው ግማሹን በእግሩ የመጣ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የራሰ።

«እህቴ ሞተ» አለ። «ልጁ የት ነው?»

ውጭ አገር ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ሲጨርስ ይመጣል አልነው።

«እናት ሞቶ ልጁ ይዘፍናል?»

ሊቀመንበሩ ሊያስረዱት ሞከሩ። እኔም ሞከርኩ፣ እንዲያውም ከእሳቸው የበለጠ ተናገርኩ። የገዛ እህቱ አስከሬን ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ሳለ አጎቴን እንደ ተማሪ ተቆጣሁት። እኛ እንዲህ አናደርግም ብሎ ሊመልስልኝ ይችል ነበር። እሱ ግን ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆመ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ፤ ምስጢር መያዝም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ የመምህሩ ባለቤት አርፈዋል ብሎ እንዲለፍፍ ተነገረው፤ የዘፋኙ እናት የሚለው ከአፉ እንዳይወጣ ተለመነ። ወጣቶቹ ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ እንዳያወጡ ልጄ በየሰፈሩ ዞረች። ዲላ ለአንድ ጊዜ አፏን ያዘች። ለእኔ ብላ ሳይሆን ለእሱ ብላ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን ላለፉት አምስት ዓመታት እናቴ ገበያ ስትወጣ የዘፋኙ እናት ሲሏት ደስታዋን መደበቅ አትችልም ነበር። ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ እንደዚያ ብላ ከጠራቻት አስፈላጊ ያልሆነ ሽንኩርት ገዝታ ነው የምትመለሰው። የሞተች ቀን ያን ስሟን ነጠቅኳት።

አስከሬኑን ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ ቆሞ አሳለፈን። አራተኛው ዘፈን ተከፍቷል። ሾፌሩ የሬዲዮኑን ቁልፍ ፈልጎ እስኪያጠፋው ድረስ የእናቴ ድምፅ ሬሳ ሳጥኗን እየቀደመ፣ ከአልጋው ርብራብ ጋር፣ መንገዱን ሞላው። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ጮኹ። እኔ አልጮህኩም። ስለ ስልኩ እያሰብኩ ነበር። ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ነው የሚደውለው፣ ለንደን እንዴት እንደነበር ሊነግራት።

በማግስቱ አዘጋጁ ራሱ ደወለልኝ። ከዲላ የሄደ አንድ ሰው ነግሮት ሰምቷል።  ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር፣ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። ምን ላድርግ፣ እህቴ፣ አንቺ የምትይኝን ነው የማደርገው አለኝ። ሁሉም ነገር እንደገና እጄ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ንገረው፣ አሳፍረህ ላክልኝ ብል አርባዋ ሳይደርስ፣ ሰልስቷም ሳያልፍ፣ ይደርስልኝ ነበር። ዝም በሉት፣ ይጨርስ አልኩት። እናቱ እንዲጨርስ ነው የምትፈልገው አልኩት። እንደዚህ የሚል ቃል አልወጣትም። የወጣት ቃል አገናኚኝ የሚል ነበር።

ወንድሜ ግን እማን አቅርቢልኝ ማለቱን አላቆመም። ኔትወርክ የለም አልኩት፤ ይህ ዲላ ላይ ሁልጊዜ የሚታመን ነገር ነው። ጸበል ሄዳለች አልኩት። በቪዲዮ ሲደውል በጥቁሩ ልብሴ ላይ የልጄን ቀይ ሹራብ ደርቤ ነው የማነሣው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም። በሰልስቱ ማግስት፣ ቶሮንቶ ሊገባ ሲል፣ እማን ካላናገርኳት አልዘፍንም አለ። ያኔ ያ ቅጂ ትዝ አለኝ። ስልኬን ከፈትኩ፣ ፈለግሁ፣ አገኘሁት። አንተ ልጅ፣ በልተሃል? ደጋግሜ ከፍቼ ዐሥር ጊዜ ያህል ሰማሁት፤ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ላክሁለት። ከሥሩ፣ «ዛሬ ጠዋት የቀዳችልህ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ብዙ ቆይቶ መለሰ። «እሺ እማ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ተሳካልኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ከዚያ ወዲህ እማን አቅርቢልኝ አላለኝም። ይህን ራሱን ልብ ማለት ነበረብኝ። ቶሮንቶ የዘፈነውን ልጄ ጠዋት ቲክቶክ ላይ አግኝታ አሳየችኝ። አራተኛው ዘፈን ሊጀመር ሲል ባንዱን በእጁ አስቁሞ ስልኩን ማይክሮፎኑ ላይ አስጠጋ። አንተ ልጅ፣ በልተሃል? አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊት የቆሙ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ከዲላ የሄዱ ናቸው፤ አንዷን አወቅኋት፣ ጎረቤታችን ነበረች። ያውቃሉ። ማንም አልነገረውም። እናቴ «እኔን አታስብ» ስትል እሱ ስልኩን ቶሎ ከማይክሮፎኑ አንሥቶ ዘጋው፣ መዝፈንም ጀመረ። እንዲህ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ዴንቨርም እንደዚያው አደረገ፣ ዋሽንግተንም። ሰው አልበሙን ያደነቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ውሳኔዬ ልክ ነበር ብዬ ኮራሁ።

የተመለሰ ዕለት ሰባት ሆነን በሚኒባስ አዲስ አበባ ገባን። የዕድሩ ሊቀመንበር፣ የነፍስ አባቷ፣ አራት ጎረቤቶች፣ እኔ። አጎቴ ከእናንተ ጋር አልሄድም ብሎ ላከብን። እንደ ወጉ ሌሊቱን አሳልፈን፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ወንድሜ የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ወጣን። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሽማግሌው እስኪደርሱ ቆምን። ማን ያንኳኳ እየተባባልን ሳለ በሩ ተከፈተ።

ጥቁር ለብሷል። ፀጉሩን ተላጭቷል። ከኋላው ሳሎኑ ባዶ ሆኖ፣ ሶፋው ተገፍቶ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ዙሪያውን ተደርድረዋል። ማታውን ከጎረቤት ተውሶ ነው ያመጣቸው፤ ጠዋት ሰው ይመጣብኛል ብሎ።

«ግቡ» አለን።

ገብተን ተቀመጥን።  ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉና ቃሉ አልወጣ አላቸው። እሱ መሐል ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አላቸው። «ግን ንገሩኝ።»

ነገሩት። ያን ጊዜ ነው እንደ ወጉ ደረቱን እየደቃ የጮኸው። አምስት ሳምንት ሙሉ ይዞት የነበረ ጩኸት ነው። ወንዶቹ ያዙት። እኔ ከወንበሬ መነሣት አልቻልኩም፤ ከዚያ ሁሉ ወንበር የእኔን ራሱ መርጦ ያስቀመጠልኝ ይመስል ተጣብቄ ቀረሁ።

ወደ ዲላ ስንመለስ ከጎኔ ተቀመጠ። ሐዋሳን አለፍን። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ «እትዬ፣ የላክሽልኝ ድምፅ መጨረሻው ላይ ዶሮው አለ» አለኝ።

የቱ ዶሮ አልኩት።

«እኔ ያረድኩት።»

ስልኬን አወጣሁ። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁት። እኔን አታስብ፣ ከዚያ የእናቴ ትንፋሽ፣ ከዚያ ከሩቅ፣ ከአቮካዶው ሥር፣ ከፍ ብሎ ጀምሮ የሚሰበር ጩኸት። እንደ ሳል። ዐሥር ጊዜ ሰምቼው አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማሁትም ነበር። እኔ የማዳምጠው እሷን ነው። እሱ ደግሞ ሙዚቀኛ ነው፣ ሁሉንም ይሰማል። ስልኩን ከማይክሮፎኑ ቶሎ የሚያነሣው ለዚህ ነበር። እሱ ቦታ ላይ ከደረስኩ አልዘፍንም አለኝ።

ለምን አልጠየቅኸኝም አልኩት።

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር» አለ። «እናንተ እስክትነግሩኝ ድረስ አልሞተችም ብዬ ያዝኩ። መርዶ ያልተረዳ ሰው አያለቅስም አይደል? ዘፈንኩ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለእኛ ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የመጡት።

ዲላ ስንደርስ ድንኳኑ እንደገና ተተክሎ ነበር። አጎቴ ከሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ይጠብቃል። ወንድሜን አቅፎ እንደ ልጅ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ አለቀሰ። ከዚያ በእጁ ይዞ፣ ማንንም ሳያስከትል፣ መቃብሯ ድረስ በእግር ወሰደው። ሲመለሱ ሁለቱም ጫማቸው ጭቃ ነበር። አጎቴ ለእኔ ጤና ይስጥልኝ ብቻ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህም ከዚያ አልፎ አያውቅም።

አርባዋ ወጣ። ሰው ተበተነ። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ አትላሱ የተዘረጋበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ቁልፉ ፍራንክፈርት ላይ ነው። ማንም አልነካውም።

«ጠይቃኝ ነበር?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ካዘጋጀሁ ሰንብቻለሁ። በእንቅልፏ ነው ያለፈችው፣ አልተሰቃየችም፣ ምንም አላለችም። ከሐዋሳ እስከ ዲላ ስለማመደው ነበር። አፌን ስከፍት ግን ደከመኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አሥራ አንድ ሰዓት እንደነበረ፣ ፊቱን ልየው እንዳለች፣ ነገ እንዳልኳት፣ እሺ ነገ እንዳለች። ስልኬ እጄ ላይ እንደነበረ፣ ሙሉ ቻርጅ እንደነበረው፣ ያን ቀን ኔትወርክ እንደነበረ።



«ሻሿን አስረሽላት ነበር?» አለ።

አዎ አልኩት።

ተነሥቶ ጓሮ ወጣ። ከመስኮቱ አየዋለሁ። አቮካዶው ግንድ ላይ የዶሮው ገመድ እስከዚያ ቀን አልተፈታም ነበርና እሱን በጣቱ ይዞ ቆመ። ቢጮህብኝ እወድ ነበር። ጩኸት አውቅበታለሁ፣ መልስ አላጣም። አልጮኸብኝም። ምሳ አብረን በላን፣ ማታውን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፣ ሲሰናበተኝም ጉንጬን እንደ ወትሮው ሦስት ጊዜ ሳመኝ። ፈጽሞ ያልተወኝ መሆኑን አውቃለሁ። ያው እንዳልሆነም አውቃለሁ።

አሁን አውስትራሊያ ነው፤ በዚሁ አልበም ለሁለተኛ ዙር ጠርተውታል። በየቀኑ ይደውላል። በድምፅ ብቻ አያናግረኝም፣ ካሜራ ክፈቺ ነው የሚለኝ። ደህና ነን ስለው አያምነኝም። ልጅሽን ጥሪልኝ ይላል፤ ትመጣለች፣ ያያታል። ኔትወርክ ከተቋረጠ እስኪያገኘኝ ደጋግሞ ይደውላል፤ ካላገኘኝ ወደ ጎረቤት ደውሎ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩልኝ ይላል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ምንም አይደለም ስለው አልሰማኝም፤ ሐኪም ቤት እስክሄድ ድረስ ስልኩን አልዘጋም። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ እያሉ ሳይቀር አንሥቼ አሳየዋለሁ። የማልሟገተው ሰው አሁን እሱ ብቻ ነው።

«ፊትሽን ወደ መብራቱ አዙሪ» ይለኛል። አዞራለሁ። የሚደውልበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ መስታወቱ ፊት ሄጄ ሻሼን አስተካክዬ ነው የምጠብቀው።